የተገዘተው ጨፌ

የመጨረሻውን ፊርማ ያስፈረምኩት ከመጋዘን ክፍል ነበር። አንድ የውሃ ልክ፣ ሁለት ሜትር፣ አንድ ጥንድ የዝናብ ቦት መመለሴን አይተው ክሊራንሴ ላይ ማህተም መቱልኝ። የመካነ ኢየሱስ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ ደግ ደጉን ተናግረው ሸኙኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ንግግሩን ሲያሳርግ፣ «አቶ አስማረ ምንም ነገር ሳይፈሩ ያገለገሉ ሰው ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጋቢውን አስተካከልኩ። ሳልፈራ ያሳለፍኩት አንድም ዓመት አልነበረም።

ሌላው ሰው ጅብ ይፈራል፣ አለቃ ይፈራል። እኔ የምፈራው የካቲትን ነው። የካቲት ገብቶ ነፋሱ ከጉና በኩል ሲመጣ ዛሬም ደጃፌ ላይ ቆሜ አሸታለሁ። የምፈልገው የጭስ ሽታ ነው፤ የእንጨት ወይም የኩበት ጭስ አይደለም። መሬት ራሱ ሲነድ የሚያወጣው ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለ፤ አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሽታና አበጀ ስለምለው አንድ ገበሬ ነው። ቦታውን በስሙ አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ገና ሳይረጋ ከማሠልጠኛ የወጣን ልጆች በየወረዳው ተበተንን። ደመወዙ ለአንድ ራስም አይበቃም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃኛል። አርብ አርብ ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ሲመጣ ገበያው ዳር ቆሜ ስለ እርከን እሰብክ ነበር። ገበሬው ወደ ጉዳዩ ያልፋል። አህዮቹ ግን በትዕግሥት ያዳምጡኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ስማዳ ተዛወርኩ፤ ጋሽ ደምሴን ያገኘኋቸውም እዚያ ነው። ጋሽ ደምሴ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያገለገሉ የአፈር ጥበቃ ፎርማን ነበሩ። ዲፕሎማ የላቸውም፤ አለቆቻችን ግን የጨነቃቸው ጊዜ ሰው ሳያይ የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። ረግረግ መሬት ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ የሃይማኖት ነገር መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ነው በውስጥ እግራቸው የመሬቱን ሙቀትና ቅዝቃዜ እንደሚለኩ የገባኝ። ከዚያ የባሕር ዛፍ ዘንጋቸውን እስከገባው ድረስ ይጭኑና መዝዘው ጫፉን ያሸታሉ። አንዳንዴ በምላሳቸውም ይነኩታል። «ደኅና ነው፣ እርጥብ ነው» ይላሉ፤ ወይም ፊታቸውን አጨማደው «ይኼ ታሟል» ይላሉ። ተሳስተው አላየሁም።

የሚያናድደኝ ልማዳቸው ሥራ ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ የሚያነሱት ጥያቄ ነበር።

«አስማረ፣ እኔና አንተ ብንሞት ይህን ማን ያደርገዋል?»

«ኮሚቴው ያደርገዋል፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ኮሚቴው ቢጣላስ?»

«ቀበሌው አለ።»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ቢለወጥስ?»

እንዲህ እያሉ ቱግ እስክል ይነዱኝና ሳቅ ብለው ፎጣቸውን ያነሳሉ። የዚያን ጊዜ መልስ ያጣሁት ወጣት ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የጉናው ግርጌ ጨፌ ሥራ የመጣው ሁለታችንም እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተዛወርን በኋላ ነው። ጨፌ ስል ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚቋጥር የሣር ሜዳ ማለቴ ነው። ከላይ ሲያዩት ለከብት የተፈጠረ መስክ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን አፈር አይደለም፤ ከአያት ቅድመ አያት በፊት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ የተደራረበ ሣርና ሥር ነው። በመጽሐፍ ፒት ይሉታል። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቃል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ኩበት ይነድዳል።

እላዩ ላይ መራመድ ያስፈራል። ከእግር በታች ይዋልላል፤ አንዱ ሲረግጥ ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመው ሰው ይወዛወዛል። የጎረቤት በሬ እስከ ትከሻው ሰምጦ በጠፍር ሲጎትቱት አይቻለሁ። ጋሽ ደምሴ በባዶ እግራቸው ፊት ፊት እየሄዱ «እኔ የረገጥኩበትን ርገጥ» ይሉኛል፤ እኔም የእሳቸውን ዱካ ሳላዛንፍ፣ ትንፋሼን ውጬ እከተላቸው ነበር።

ቀደም ሲል የገብስ መሬት ይውጣው ተብሎ ጨፌው ላይ በዘመቻ ቦይ ተቆፍሮበት ነበር። ውሃው ሲንጠፈጠፍ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ አማረ። ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ሰመጠ፣ ገብሱ ጫጨ፤ ከጨፌው ግርጌ ያለው ምንጭም በጋ በገባ ቁጥር ይነጥፍ ጀመር። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ገደል ይወርዱ ነበር። በኋላ ከውጭ የመጣ አንድ ድርጅት ጨፌው ይመለስ አለና ሥራውን ለእኛ ሰጠን።

ቦይ የሚደፈነው ከላይ ወደ ታች ነው። ከታች የጀመረ ሰው የላዩ ውሃ መጥቶ ሥራውን ይዞበት ይሄዳል። ግድቡ የሚሠራው ከራሱ ከጨፌው በተቆረጠ፣ ሣር በለበሰ ቁራጭ ነው፤ ሣሩ ወደ ላይ፣ ሥሩ ወደ ታች ሆኖ በእግር ይጠቀጠቃል። ግራና ቀኙ አንድ አንድ ክንድ ወደ ቦዩ ግድግዳ ካልገባ ውሃው በጎን ይሾልካል። አናቱ ላይ ትንሽ ማፍሰሻ ይተዋል። ጋሽ ደምሴ ማፍሰሻ የሌለው ግድብ ሲያዩ እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር፤ ሙሉውን አስፈርሰው እንደገና ያሠሩናል።

አበጀን የተዋወቅሁት ያኔ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ስለነበር አንተ እንባባል ነበር። ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በነጠላው የሚሸፍን የገብስ ገበሬ ነው። ማሳው ጨፌው ውስጥ ስለነበር ቦዩ ሲደፈን ከማንም በላይ የሚጎዳው እሱ ነበር። ስብሰባው ላይ ሲነሳ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጥሩዬ ለውሃ ገደል ወርዳ እስክትመለስ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ወድቃ ቀረች ይሉኛል እያልሁ እባንናለሁ። ገብሱን ውሰዱት፤ ምንጩን መልሱልኝ» አለ። ጥሩዬ ሚስቱ ናት። በዚያው ዕለት የጨፌ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጡት።

ግድቦቹን ሠርተን በሦስተኛው በጋ ምንጩ ሳይነጥፍ ክረምት ላይ ደረሰ። ጥሩዬ ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችንና የጋሽ ደምሴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሹ። «ገና ነው ልጄ፣ ገና ነው» አሏት። ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ ማግስት ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ርክክብ ተፈራረምን፣ ፎቶ ተነሳን፤ የጨፌው ጥበቃዎች ደመወዝም አብሮ ቆመ። የመተዳደሪያ ደንቡ የቀበሌው መሳቢያ ውስጥ ተኛ። መሬት ያልደረሳቸው ጎረምሶች ጨፌው ዳር ቆመው በዓይናቸው ሲሸነሽኑት አያለሁ። በአጎራባች ቀበሌ እንዲህ ያለው ጨፌ በአንድ በጋ ተቆፍሮ ገብስ ሆነ። የጋሽ ደምሴ ጥያቄ አላስበላ አላስጠጣ አለኝ። ፍርሃት ሲበዛ ሰው ጥሩ ሐሳብ ያፈልቃል፤ መጥፎውም ያኔ ጥሩ ይመስላል። እኔ የመጣልኝ ግዝት ነበር።

የኔታ ጥበቡ የደብሩ ቄስም የድጓ መምህርም ነበሩ። በዚያ አገር ደንብ የጣሰ ሰው ቀበሌ ቀርቦ ይከራከራል፤ የኔታ የገዘቱትን ግን የሚደፍር የለም። ቤታቸው ሄጄ ጨፌውን ይገዝቱልኝ ዘንድ ለመንኳቸው፤ ቃሉንም በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። «ማንም ሰው፣ መቼም ቢሆን፣ በምንም ምክንያት፣ ዶማና አካፋ ወደ ጨፌው እንዳያስገባ» ይላል።

የኔታ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። «ልጄ፣ ‹በምንም ምክንያት› የሚለው ይከብዳል። ሰው ነን፤ ችግር ይመጣል። ‹ለራሱ ለጨፌው ደኅንነት ካልሆነ በቀር› ብንልበትስ?»

«የኔታ፣ በር ከተከፈተ ሁሉም ለደኅንነቱ ነው እያለ ይገባል።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው ድጓ ነው። ጨፌ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ሳለ መስቀላቸውን አንስተው በሐዋርያት ሥልጣን ገዘቱ። ሰዉ እንደ አንድ ሆኖ ጎንበስ አለ። እኔ ራሴ ያጻፍኩትን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማው አብሬ ጎንበስ አልኩ።

ግዝቱ ያዘ። አንድም ሰው ዶማ አላስገባም። የረሳሁት ግድብ ማለት እንደ ጎጆ ክዳን መሆኑን ነው፤ በየዓመቱ ካልጠገኑት ያፈሳል። ጥገናው ደግሞ መቆፈር ነው። አበጀ መጥቶ «የላይኛው ግድብ በጎኑ ሾልኳል፤ አንድ ሁለት ቁራጭ ቆርጨ ብወትፈው ይድን ነበር» ያለኝ ጊዜ ስህተቴ ወለል ብሎ ታየኝ። ጋሽ ደምሴ ግድብ ያለ ማፍሰሻ አይሠራም ሲሉ ዕድሜዬን ሙሉ እየሰማሁ፣ ማፍሰሻ የሌለው ቃል አስገዝቼ ነበር። የኔታ ዘንድ ሄጄ አስተካክሉልኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ደግሞም አንዴ ከላላ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። «እስቲ ክረምቱን እንየው» አልኩት። ሁለት ክረምት አየነው። የጨፌው ራስጌ ደረቀ።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም መሃል፣ ጨፌው ዳር ያለ አንድ ገበሬ የገዛ ማሳውን አረም ሰብስቦ አቃጠለ። ነፋስ ወሰደበት። ሰዉ ቅጠል ይዞ ወጥቶ የሣሩን እሳት ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት አጠፋውና ተመስገን ብሎ ገባ። ከሳምንት በኋላ አበጀ መካነ ኢየሱስ ድረስ መጣ።

«ጭሱ አልጠፋም» አለኝ። «እሳት የለም፤ ጭስ ግን አለ። ከመሬት ነው የሚወጣ።»

ስደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። ከዳር አሥር እርምጃ ያህል እንደገባሁ ውስጥ እግሬን ሙቀት ነካኝና ቀጥ አልኩ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከረገጥኩ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም። እሳቱ ከሣሩ በታች ወርዶ የደረቀውን ሥር እየበላ፣ ከላይ ያለውን ሣር ሳይነካ ወደ ምንጩ ራስ በዝግታ እየሄደ ነበር። ባዶ ያደረገው ዋሻ በላዩ ሣር ስለለበሰ ከጤናማው መሬት አይለይም። ምንጩ ጋ ከደረሰ ውሃ የሚያቁረው ሁሉ አመድ ይሆናል፤ ያ ምንጭ ከዚያ ወዲያ የለም ማለት ነው። ማጥፊያው አንድ ብቻ ነው፤ ከፊቱ ቀድሞ ከሥር እስካለው ሸክላ አፈር ድረስ ቦይ መቁረጥና ውሃ ጠልፎ መልቀቅ።

ሰዉን ጠራሁ። ወንዶቹ ሁሉ አካፋቸውን ይዘው መጡና ጨፌው ዳር ላይ ቆሙ። አንድም እግር አልገባም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ መለሱልኝ። «ግብርናው፣ ‹በምንም ምክንያት› ተብለናል። በጆሯችን ሰምተናል።»

የደብሩን ሌሎች ካህናት ለመንኩ። «የገዘቱት ይፍቱት እንጂ እኛ መምህራችን ያሰሩትን አንፈታም» አሉኝ። የኔታ ጾሙን ሊያስተምሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው ነበር። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹንና አበጀን ይዤ ወጣሁና ቤተ ልሔም ያለ አንድ ባለሱቅ ጋ ደወልኩ። ባለሱቁ የኔታን ፈልጎ አመጣልኝ። ነገሩን ነገርኳቸው። «ፈትቻለሁ! እግዚአብሔር ይፍታ! ይቆፈር!» አሉ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ድምፁስ የሳቸው ነው» አሉ አንዱ። «ግን ግዝት በስልክ ይፈታል? መስቀሉስ የታል?»

ተማጸንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻም ዋሸሁ፤ መንግሥት ያስራችኋል አልኩ። ከእስሩ ግዝቱን ይፈሩ ነበር። የኔታን ይዤ ከመምጣት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ከመሄዴ በፊት ከእሳቱ እስከ ምንጩ ሁለት ችካል ተከልኩና አበጀን ለብቻው ወደ ጎን ወሰድኩት።

«እሳቱ ሁለተኛውን ችካል ካለፈ አትጠብቀኝ። ቆፍር።»

«ግዝቱስ?»

«የኔታ ፈትተዋል፤ በጆሮህ ሰምተሃል። ለሰዉ እኔ እናገራለሁ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት እላለሁ።»

አበጀ ጨፌውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ትላለህ?»

«እላለሁ።»

ከእሱና ከእኔ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

መኪና መንገዱን ከፊሉን አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። የኔታ በበቅሎ፣ እኔ ከኋላ በሩጫ ስንመለስ ከሄድኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ኮረብታውን ስንሻገር ጭሱ ምንጩ አጠገብ ታየኝ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ነበር። ከበቅሎዋ ቀድሜ ቁልቁል ወረድኩ።

እሳቱ እኔ በሄድኩ ማግስት ችካሉን አልፎ ነበር። አበጀ ብቻውን ገባ። ጥሩዬ ውሃ እያቀበለችው፣ ሰዉ ዳር ቆሞ እያየው፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ቦይ አንድ ቀን ተኩል ቆፈረ። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ከእግሩ በታች ያለው መሬት ከዳውና እስከ ጉልበቱ ፍም ውስጥ ገባ። ጥሩዬ ብብቱን ይዛ ስትጮህ ያኔ ነው ጠፍር ወርውረው ጎትተው ያወጡት።

ዛፍ ሥር አስተኝተውት ነበር። እግሮቹን ቅቤ በነካ ጨርቅ ሸፍነውለታል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኔን ሲያይ አልተናገረም። የኔታ አጠገቡ ተንበረከኩና መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀና ብለው ሕዝቡን ጠየቁ።

«ይህን ሰው ቆፍር ያለው ማነው?»

አንድ ሰው ከኋላዬ «ማንም አላለውም፤ ድፍረቱ ነው፤ ግዝቱ ደረሰበት» አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። አበጀ ወደ እኔ እያየ ነበር። የኔታም ወደ እኔ አዩ። ሰዉ አካፋ ይዟል፣ በእልህና በድንጋጤ ያብዳል፤ ይህን ያደረግከው አንተ ነህ ብለው የሚነሱብኝ መሰለኝ። መሬቱ ብቻ ሳይሆን ሰዉም ከሥሩ የሚነድ ሆኖ ታየኝ። ዝም አልኩ። አበጀ ዓይኑን ጨፈነ።

የኔታ በመስቀል ፈቱ፤ ሕዝቡ አበጀ የጀመረውን ቦይ በግማሽ ቀን ጨርሶ ውሃውን ለቀቀ። መሬቱ እየፈላ ጮኸ፤ በማግስቱ ጭሱ ቆመ። ምንጩ ተረፈ፤ ያተረፈው የአበጀ ቦይ ነው። እሱን በቃሬዛ እስከ መኪና፣ ከዚያ ደብረ ታቦር ወሰድነው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የኔታ ከማረፋቸው በፊት ግዝቱን አስተካክለው አደሱት፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ካህን መስቀል ይዞ ቆሞ፣ ግድቦቹ ይጠገናሉ። ጨፌው ዛሬ ደኅና ነው። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ገብስና ባሕር ዛፍ ሲሆኑ እሱ ብቻ ቀርቷል። ከሌሎች ወረዳዎች ለልምድ ልውውጥ እየመጡ ፕሮጀክት ተዘግቶ እንዴት ሊዘልቅ እንደቻለ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ቆሜ ስለ ኅብረተሰብ ባለቤትነት ገለጻ እሰጣለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጨፌውን የሚጠብቀው የአበጀ እግር ነበር። ጎረምሳው ዶማ ባማረው ቁጥር በክራንች የሚያነክሰውን ሰው ያያል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን «ግዝት የደረሰበት» እያሉ በጣታቸው ያሳያሉ። ሞኝ አልነበርኩም። ያን ቀን በፍርሃት ዝም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝምታዬ ሥራ እየሠራ መሆኑን እያየሁ ዝም አልኩ።

አበጀን የኔታ ቢፈቱትም፣ የስልኩን ፍቺ ያልቆጠረው ሰው አልፈታውም። ደቦ አይጠራም። የጽዋ ማኅበሩ ተራው ሲደርስ ዘለለው። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች አባቷ ግዝት የደረሰበት መሆኑን ሲሰሙ ከደጅ ተመለሱ። እኔ በየዓመቱ ስኳር ይዤ እሄድና ስለ ዝናብና ስለ ከብት አወራዋለሁ። «ትላለህ?» ያለኝን እንዳያነሳብኝ እየፈራሁ ገብቼ፣ ባለማንሳቱ የበለጠ እየፈራሁ እወጣ ነበር። አንድም ቀን አላነሳውም።

ጡረታ ስወጣ የምባረርበት ሥራ፣ የምነፈገው ዕድገት የለኝም ብዬ ራሴን ደፋር አደረግሁ። ለአበጀም ሳልነግረው፣ የጥገናው ቀን በሚውልበት ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆምኩ። የተሰጠኝን ጋቢ ለብሼ ነበር፤ ከሥሩ ሸሚዜ በላብ ርሷል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቃሉን ያጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ቆፍር ያልኩት እኔ መሆኔን፣ የኔታም ከመቆፈሩ በፊት ፈትተው እንደነበር ተናገርኩ። «አበጀን ያቃጠለው እሳት ነው። መሬቱ ከሥር ባዶ ስለነበር ነው የዋጠው። የግዝት ነገር የለበትም» አልኩ።

ከኋላ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ ለጓደኛው፣ ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ፣ «አሃ፣ እንግዲያ ግዝቱ አይደለማ!» አለ። ጓደኛው በግቢው አጥር ላይ አሻግሮ ወደ ጨፌው አየ። ሌሎቹም አዩ። ያደረግሁት ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

«አበጀ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «የሚለው እውነት ነው?»

አበጀ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጎረምሶቹን አየ። እኔን አየኝ፤ ያን ቀን ዛፍ ሥር ሆኖ ያየኝን አስተያየት ነው ያየኝ። ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገብቶ ሁለት እርምጃ ወደ መሃል መጣ።

«ሐሰት ነው» አለ። «አስማረ ደግ ሰው ነው። ጡረታ ወጣና አዘነልኝ፤ ስሜን ሊያድስልኝ ብሎ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ግዝቱ ሳይፈታ በገዛ ድፍረቴ ገባሁ፤ ያገኘኝንም አግኝቶኛል። እናንተም እወቁበት።»

ሰዉ እኔን በሐዘኔታ፣ እሱን በፍርሃት እያየ ተበተነ። ጎረምሶቹም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ሮጬ ደረስኩበት።

«ምነው አበጀ? ምነው?»

ቆመ። ቁልቁል ጥሩዬ ጀሪካኗን ከምንጩ አፍ ደቅና ትጠብቃለች።

«እግሬን ሰጠሁበት። ስሜን ሰጠሁበት። የልጄን ሠርግ ሰጠሁበት» አለ። «አሁን መጥተህ ባዶ እጄን ልታስቀረኝ ነው?»

«ይቅር በለኝ» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

«መናገር የነበረብህ ያን ጊዜ ነበር፣ አስማረ። አሁን ዝም በል።»

ክራንቹን አስተካክሎ ቁልቁለቱን ወረደ። ጀሪካኑ ሞልቶ ነበር፤ ጥሩዬ ብቻዋን ጀርባዋ ላይ ማውጣት አትችልም።